ካርድ ያልወጣላቸው ሰዓታት

አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ አትደርስም። ካርድ ክፍሉ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን የተዘረጉት ሁለት ወረቀቶች ግን ደርሳለች ይላሉ። በቀኝ በኩል ያለው፣ ጠርዙ የተበላው ቢጫ የሕክምና ካርድ፣ «የደረሰችበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአምስት» ይላል። በግራ በኩል ያለው፣ የበር ዘበኞች የሚሞሉት ጥቁር መዝገብ ደግሞ የዚያችኑ ሴት ስም በተንጋደደ ጽሕፈት ይዞ፣ «አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ በጋሪ፤ ከእናቷ ጋር፤ ምጥ» ይላል።

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ መልሳ አደረገችው። ሰዓቶቹ ንቅንቅ አላሉም።

ዶክተር ይሏታል እንጂ ሐኪም አይደለችም። አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ በኋላ፣ ጓደኞቿ ሲዳሩ እሷ ደብተር ተሸክማ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛ ኖረች። እናቶች ሲወልዱ ለምን ይሞታሉ? የታችኛው ሰፈር እናት ከላይኛው ሰፈር እናት ይልቅ ለምን አብዝታ ትሞታለች? መልሱን አገኘሁት ብላ የጻፈችው ጥናት አስተማሪ አደረጋት፤ ተባባሪ ፕሮፌሰር አደረጋት፤ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ በትልቁ አዳራሽ ገምጋሚዎች ፊት አቁሞ፣ እግዜር ካለ፣ ሙሉ ፕሮፌሰር ሊያደርጋት ነው።

የጥናቱ መልስ ቀላል ነበር፤ ምናልባት የተወደደውም ስለቀለለ ነው። የታችኛው ሰፈር ሴቶች የሚሞቱት ዘግይተው ስለሚመጡ ነው። አንዴ ከደረሱ በኋላ ሆስፒታሉ ማንንም ከማንም አይለይም፤ ከደረሱበት ሰዓት እስከታዩበት ሰዓት ያለው ጊዜ ለባለጸጋዋም ለድሃዋም እኩል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ይህን ሲሰሙ የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ትንፋሻቸው መለስ አለ። ማስታወቂያ ታተመ። አንዲት እርጉዝ ሴት በጥድፊያ ስትራመድ የሚያሳይ ሥዕል፣ ከሥሩ በትልቁ፦ «እናቴ፣ አትዘግዪ!»

ነገሩን ሁሉ የቆሰቆሰውም ይኸው ማስታወቂያ ነው። ከሳምንት በፊት ከሆስፒታሉ ስትወጣ የዋናው በር ዘበኛ መኪናዋን በእጃቸው አስቆሙ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው፣ ቀጥ ብለው በመቆማቸው ብቻ ሰው ሁሉ «ሻለቃ» የሚላቸው፣ ወታደር ቤት ግን ረግጠው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ዶክተር፣ ይሄ ሥዕል ለማን ነው የተለጠፈው?»

«ለሚዘገዩት ነዋ፣ ጋሼ ሻለቃ።»

«እነማን ናቸው እነሱ?»

«የታችኛው ሰፈር እናቶች።»

ሻለቃ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት። «እንጃ እንግዲህ፤ እናንተ የተማራችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔ በሩን ስከፍት ቆመው የማገኛቸው ግን እነሱን ነው።»

ሳቀች። መኪናዋን አስነስታ አደባባዩን ስትዞር ሳቁ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። በማግስቱ ተመልሳ፣ «ጋሼ ሻለቃ፣ በር ላይ የምትጽፉት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። አለ። አንድ ጊዜ የኦክስጅን ሲሊንደር ጠፍቶ ዘበኞች ሁሉ ተመርምረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የገባውን ሁሉ ከነሰዓቱ መጻፍ ግዴታ ሆነባቸው። ማንም አንብቦት አያውቅም። መዝገቦቹ በዘበኛ ቤቱ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ የዝናብ ካፖርት ለብሰው ተቀምጠው ነበር።

ስድስት ቀን ሙሉ የሞቱትን ስም ከካርዱ ወደ መዝገቡ፣ ከመዝገቡ ወደ ካርዱ ስታመላልስ ሰነበተች። መዝገባቸው የተገኘላቸው ሰባ አንድ ሴቶች ናቸው። ይህች በጋሪ የመጣችው የመጨረሻዋ ናት። ከላይኛው ሰፈር የመጡት ከበሩ እስከ ካርዱ ሰባት ደቂቃ ያህል ወስዶባቸዋል። የታችኛው ሰፈር ሴቶች ከሁለት ሰዓት በላይ።

«እታለም፣ ምሳሽን አልበላሽም እኮ» አለች የካርድ ክፍሏ ሴት። መነጽሯን በጫማ ማሰሪያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሠላሳ ዓመት በዚያች መስኮት ውስጥ የኖረች ሴት ናት። ሰውን ሁሉ እታለም ትላለች፤ ወንድ ሲሆን ብቻ ትንሽ ታመነታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካርዱ ላይ ‹የደረሰችበት ሰዓት› የምትዪው የቱን ነው?»

«ካርዱ የወጣበትን ነዋ።»

«ከዚያ በፊት የደረሰችስ?»

«ካርድ ሳይኖራት ደረሰች ብዬ የት ልጻፍላት? አየር ላይ?» ሴትየዋ የካርድ መሳቢያዋን ገፋ አድርጋ ዘጋች። «አየሽ፤ የላይኞቹ እርግዝናቸውን እዚሁ ስለሚከታተሉ ካርዳቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ እኔ ሰዓት መትቼ መስጠት ብቻ ነው። የታችኞቹ የነዋሪነት ወረቀት ያመጣሉ፤ የሌላቸው እስኪያመጡ ይጠብቃሉ፤ ያመጡትም ኃላፊው እስኪፈርም ይጠብቃሉ። ኃላፊው የሚገባው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ለእኔ የመጣችው ካርዷ ሲወጣ ነው።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ይሄን እኮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔማ አንቺም የምታውቂ ነበር የመሰለኝ።»

ዶክተሯ ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ከመስኮቱ ሥር፣ በውጭ በኩል፣ ረጅም የሲሚንቶ አግዳሚ አለ፤ ብዙ ሰው ስለተቀመጠበት መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ለስልሷል። ማወቅማ ነበረባት። አምስት ዓመት ሙሉ ከማዋለጃ ክፍሉ በር በስተውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሳ ቆማ፣ እጇን ዘርግታ «ካርድ!» ብላለች። ካርዱን ከነሴቲቱ ተቀብላለች። ከካርዱ በፊት ስላለው ሰዓት መጠየቅ አንድም ቀን በሐሳቧ ሽው ብሎ አያውቅም። ከበሩ ወዲህ ላለ ሰው ሴቲቱ የምትፈጠረው ካርድ ይዛ ስትገባ ነው።

ሰባ አንዱንም ካርዶች አስተካክላ ደረደረች። እጇ ግን አንድ ሌላ ካርድ ያስታውስ ነበር።

ያ ካርድ የታላቅ እህቷ ነው። እህቷ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል ሞተች፤ ልጁም አልተረፈ። እሷ ያኔ በሌላ ከተማ የአዋላጅነት ተማሪ ነበረች፤ የደረሰችው ለቀብር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመርቃ እዚሁ ሆስፒታል ስትመደብ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የእህቷን ካርድ ከመጋዘን ፈልጋ አወጣች፦ «የደረሰችበት ሰዓት፦ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ።» ስድስት ሰዓት ላይ አርፋለች። እናቷ ግን ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፣ ሳይነጋ ነው የወሰድኳት፣ ጎህ ሳይቀድ ደርሰናል፣ እያለች ነበር ያለቀሰችው።

የዚያን ዕለት ማታ ካርዱን ገልብጣ የጻፈችበትን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ሃያ አንድ ዓመት በሞላት ልጅ እርግጠኝነት፣ «እማዬ፣ ካርድ አይዋሽም» አለች።

እናቷ ወረቀቱን አየችው። ማንበብ አትችልም። አልተከራከረችም፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ስለዚያች ሌሊት ቃል አልወጣትም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን፣ ጎረቤት ምጥ የያዛት ሴት ባለች ቁጥር እናቷ በር ላይ ቆማ ስትለምን ትሰማት ጀመር፦ «ቶሎ ውሰዷት ልጆቼ፤ እኔ አዘግይቼ ነው ልጄን የበላኋት።» ዶክተሯ ይህን ስትሰማ ታዝን ነበር፤ እውነቱን አምና መቀበሏ ግን ደግ ነው ትል ነበር በልቧ። ጥናቱን ስትጽፍም፣ ከየቁጥሩ ጀርባ የምትታያት ያችው በር ላይ የምትለምን እናት ነበረች።

ስትወጣ ዋናው በር ላይ ሻለቃን አገኘቻቸው። «ጋሼ፣ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት የነበረው መዝገብ ይኖራል?»

«ያኔ መዝገብ መች ነበረና፣ ዶክተር? ሲሊንደሩ እኮ ገና አልጠፋም።» ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። «የሚፈልጉት ሰው አለ እንዴ?»

«አለ» አለችና መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሞተሩን ሳታስነሳ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። «ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሽ ይምጡልኝ። አደራ።»

*

የፋኩልቲዋ ዲን የጥንት መምህሯ ናቸው። ቁጥር ማንበብ ያስተማሯት፣ የመጀመሪያ ጽሑፏን በቀይ እስክሪብቶ አድምተው የመለሱላት፣ ያደመቁላትም እሳቸው ናቸው። በጥናቱ ላይ ከእሷ ስም ቀጥሎ ያለው የእሳቸው ስም ነው። ቢሯቸው ገብታ ሁሉንም ስትነግራቸው ሻያቸው ብርጭቆው ውስጥ ቀዘቀዘ።

«ሰባ አንድ ነው ያልሽው?»

«ሰባ አንድ፣ መምህር። ከሦስት መቶ ምናምኑ።»

«ሁሉም አይደሉማ።»

«የቀሩት መዝገባቸው ስላልተገኘ ነው። ያልጠበቁ ሆነው አይደለም።»

ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከታች ተማሪዎች ወንበር ተሸክመው ወደ አዳራሹ ያመላልሳሉ። «ልጄ፣ ይሄን ቀን ሃያ ዓመት ጠብቀሽዋል። እኔም ጠብቄዋለሁ። ደብቂው አልልሽም፤ እንዲያ ብዬሽም አላውቅ። ግን ዛሬ ሹመቱን ያዢ። በሚቀጥለው ወር ቁጭ ብለን ማረሚያውን እንጽፋለን። ሰው የሚሰማው ማንን ሆነና ነው? ከፍ ብሎ የተቀመጠውን አይደል? ዛሬ ብትናገሪ ስሕተትሽን ይሰማሉ፤ ነገ ፕሮፌሰር ሆነሽ ብትናገሪ እውነትሽን ይሰማሉ።»

ክፉ ምክር አልነበረም። ያመማትም ይኼው ነው። የሚወዳት ሰው፣ በሙሉ ልቡ፣ ለእሷ ብሎ የሚመክራት ምክር ነው። ለአፍታ ያህል ነፍሷ ወደዚያ አዘነበለች፤ አንድ ወር ምን አላት? ከዚያ ሻለቃ ጎህ ሲቀድ የበሩን ሰንሰለት ሲፈቱ፣ ከብረቱ ወዲያ የቆሙት ሴቶች በዓይነ ልቦናዋ መጡባት።

«መምህር፣ ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል። ነገ ጠዋትም የምትመጣ አለች። ደርሳ ሳለ፣ እሱን እያየች ነው የምትጠብቀው።»

ዲኑ ከመስኮቱ ሲዞሩ አርጅተው ታዩዋት።

«የእኔም ስም አለበት እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አትጠሪውማ፣ አይደል?»

«አልጠራውም፣ መምህር። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ ካርዶቹንም የሰበሰብኩት እኔ ነኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በሩን ሊከፍቱላት ሲመጡ እጃቸው የበሩን እጀታ ስቶ አየር ጨበጠ።

*

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ረድፍ አምስቱ ገምጋሚዎች፣ ከኋላቸው ባልደረቦቿ፣ ተማሪዎቿ፣ የሆስፒታሉ ኃላፊዎች። ከሁሉ ኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግተው፣ ወንበር እያለ ቀጥ ብለው የቆሙት ሻለቃ ናቸው። የደንብ ልብሳቸው ላይ ከረቫት አስረዋል፤ ከረቫቱ አጥሮ ደረታቸው ላይ ቀርቷል።

ዶክተሯ መነጋገሪያው ጋ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ጸሎቷ አጭር ነበር፤ አንደበቴን አንተ ያዘው፣ ከዚያ ሌላ ቃል አልመጣላትም። የመጀመሪያው ሥዕል ግድግዳው ላይ በራ፤ ሁሉም የሚያውቀው ሥዕል ነው፤ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ምሰሶዎች፣ ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር።

«እነዚህን ሁለት ምሰሶዎች ላለፉት ዓመታት አሳይቻችኋለሁ» አለች። «እኩል የሆኑት ሰዓቱን መቁጠር የጀመርኩት ከተሳሳተ ቦታ ስለሆነ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ሁሉ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ስለ ካርዱ ተናገረች። ስለ ሁለት ሰዓት ተኩሉ ፊርማ ተናገረች። በጋሪ ስለመጣችው ሴት ተናገረች፤ ስሟን አላነሳችም። አንድ ጊዜ ብቻ ድምጿ ተሰበረ፤ «አግዳሚው ላይ» ስትል። ከሆስፒታሉ ኃላፊዎች አንዱ ተነሥቶ ወጣ።

የስታትስቲክስ መምህሩ፣ ከገምጋሚዎቹ ሁሉ ጥርሱ የማይፈታው፣ እጁን አነሣ። «እንግዲያው ከዚህ ጥናት ምኑ ይቀራል?»

«የሞቱት ቁጥር ይቀራል። እሱ ትክክል ነው።»

«መቼ እንደደረሱ ግን አናውቅም እያልሽ ነው።»

«የሚያውቁ አሉ። አብረዋቸው የነበሩት ያውቃሉ። እናቶቻቸው፣ እኅቶቻቸው፣ ጋሪውን የገፉት።» መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ያዘችው። «ሦስት መቶ ካርድ ሳነብ ከእነሱ አንዳቸውንም አልጠየቅሁም። ነግረውኝም አላመንኩም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አላስተዋላትም፤ ወይም የንግግር አመል መስሏቸዋል።

ገምጋሚዎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩ። የሹመቱ ጉዳይ ላልተወሰነ ጊዜ መተላለፉ ተነገረ። ያጨበጨበ አልነበረም። ተማሪዎቿ ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ ምን እንደሚሉ ስላላወቁ፣ ወንበር መሰብሰብ ጀመሩ። ዲኑ ከነበሩበት አልተነሡም፤ ግድግዳው ላይ የቀሩትን ሁለት ምሰሶዎች እያዩ ነበር።

በረንዳው ላይ ሻለቃ ከረቫታቸውን እየፈቱ ጠበቋት። ምን እንደደረሰ ገብቷቸዋል፤ ፊታቸው ያስታውቃል።

«ስገባ የእናንተ ዘበኛ ስሜንና ሰዓቴን ጻፈ፣ ዶክተር። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ አንዲት ደቂቃ አልሳተም። ጎበዝ ልጅ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ሻለቃም ደርሰው ከረቫታቸውን እንደ መሐረብ ሰጧት።

*

ቤት ስትደርስ ገና አልመሸም። እናቷ እንደ ልማዷ መስኮቱ ጋ፣ ብርሃኑ በቀረበት በኩል ተቀምጣ፣ አሮጌ ሹራብ እየተረተረች ክሩን ትጠቀልላለች። ከተረተረችው ክር ለሰፈሩ አራስ ልጆች ቆብ ትሠራለች፤ ስንት እንደሠራች እሷም አታውቀው። ጭኗ ላይ የተቀመጠው ቀይ የክር ኳስ ብርቱካን አክሏል።

«መጣሽ? ምነው ድምፅሽ ጠፋ? ሾሙሽ?»

«አልሾሙኝም፣ እማዬ።»

«ምን ቸግሯቸው! ዓይናቸው አያይም እንዴ እነሱ?» አለች እናት፤ ክሩን ሳብ አደረገች። «ተያቸው። ነገ ሌላ ቀን ነው። ምሳ በልተሻል?»

ዶክተሯ ቦርሳዋን በሩ ጋ ጣለች። ወንበር አልሳበችም፤ ልጅ ሳለች እንደምታደርገው እናቷ እግር ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ብዙ ነገር ልትል አስባ ነበር። ስለ ካርድ ክፍሉ፣ ስለ መዝገቡ፣ ስለ ሰባ አንዱ ሴቶች አስረድታ፣ ከዚያ ይቅር በይኝ ልትል ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ ማስረዳት ዳግመኛ በወረቀት መናገር መሰላት። ወረቀቱ ስለፈቀደላት ሳይሆን እናቷ ስለተናገረችው ብቻ ልትሰማት ፈለገች።

«እማዬ፣ እህቴን ይዘሽ የሄድሽ ዕለት፣ ስንት ሰዓት ደረሳችሁ?»

የእናቷ እጅ ቆመ። ክሩ በሁለት ጣቶቿ መካከል ተወጥሮ ቀረ። ከውጭ ልጆች ሲሯሯጡ ይሰማል።

«አራት ሰዓት ከሃያ» አለች እናት ቀስ ብላ፤ እንደ ተማሪ፣ በቃል እንደተጠና ነገር። «ካርዱ…»

«ካርዱን ተይው። እኔ አንቺን ነው የምጠይቅሽ።»

እናት ልጇን አየቻት። በዚያ አተያይ ውስጥ ተስፋ አልነበረም፤ ፍርሃት እንጂ፣ አንድ ጊዜ እጇን ያቃጠላትን ምድጃ እንደገና ልትነካ እንደተጠየቀች ሰው። ዶክተሯ እስክሪብቶ አላወጣችም። በእናቷ ጉልበት ላይ እጇን አሳርፋ ጠበቀች፤ ምን ያህል እንደጠበቀች አልቆጠረችም። የመስኮቱ ብርሃን ከግድግዳው ወደ ወለሉ ወረደ።

ቀዩ የክር ኳስ ከእናቷ ጭን ተንከባልሎ ወደቀ፤ እየተተረተረ እስከ በሩ ሄደ። ሁለቱም አላነሡትም።

«አግዳሚው ጤዛ ይዞ ነበር» አለች እናት። «በሻሼ ጠረግሁላትና አስቀመጥኳት።»